ሁለት በግ ለሮዋን

ነገሩን ሁሉ ያመጣው የበጎቹ ሁለት መሆን ነው። በሐምሌ ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የደቡብ አፍሪካዋ የጀርሚስተን ብርድ የመኪናውን ሁሉ መስታወት አመዳይ ባለበሰበት ሰዓት፣ አብዱልወሀብ ከመጋዘኑ ጀርባ ያለውን የብረት በር በትከሻው ገፍቶ ገባና ባኪ ከሚሏት የጭነት መኪናው ላይ ሁለት በግ አውርዶ ግቢው መሃል አቆመ። ጁነይድ የሰባት ቀን ልጁን ጨርቆች ገመድ ላይ እያሰጣ ነበር። አጎቱን ካየ ወር ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ ሮጦ ሊያቅፈው ሲል ሰውየው ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ አስቆመው። ኮሮና ከለቀቀው ገና አራት ቀኑ ነበር። ጭምብሉን እስከ ዓይኑ ሥር ስቦ፣ ከሩቅ እንደቆመ፣ ሳቅ በሞላው ድምፅ "የታለ ጎረምሳው?" አለ።

ጁነይድ የያዘውን ጨርቅ ማስቀመጫ አጣለት። "ጋሼ፣ ሴት ናት እኮ የተወለደችው" አለ።

አብዱልወሀብ በጎቹን አየ። ገመዱ ላይ የተሰጣችውን መዳፍ የምታህል ሮዝ ቀሚስ አየ። እንደገና በጎቹን አየ። ከመንገዱ ማዶ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር የምትሸጠው የአዲስ አበባዋ የአለምወርቅ በበሩ ክፍተት አንገቷን አስገብታ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደሚጠራው "ቀዮ፣ እንኳን እግዜር ማረህ" ብትለውም አልሰማትም።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል። በእነ ጁነይድ ቤት ልጅ በተወለደ በሰባተኛው ቀን በግ ይታረዳል፤ ለሴት አንድ፣ ለወንድ ሁለት። ቢላዋውን የሚይዘው የቤቱ ትልቅ ሰው ነው፤ ከማረዱም በፊት ይህ የእገሌ ነው ብሎ የሕፃኑን ስም ጮክ አድርጎ ይጠራል። ስም ሳይወጣ በግ አይታረድም። አብዱልወሀብ ደግሞ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። እሱ ራሱ የተወለደው ወራቤ አጠገብ፣ በግ ቀርቶ እንቁላል በጠፋበት ዓመት ነው፤ ለእሱ ማንም አላረደለትም። ደቡብ አፍሪካ ገብቶ የጅምላ ንግዱ ከቀናው ወዲህ፣ ከዱርንፎንቴን እስከ ጻካኔ የአገር ልጅ ወለደ በተባለ ቁጥር በግ እየጎተተ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ዘንድሮ አረፋ ቀርቦ፣ ኮሮና መንገዱን ዘግቶ፣ አንዱ በግ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ራንድ ገብቶ እያለ እንኳ ዋጋ አልተከራከረም።

ጥፋቱ የጁነይድ ነበር። ልጅቷ በተወለደችበት ቀን ንጋት ላይ፣ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት የሆስፒታሉ አጥር ሥር መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ካደረ በኋላ፣ በደነዘዘ ጣቱ ለአጎቱ መልእክት ሲልክ ሚስቱ ሙርሺዳ በሰላም እንደተገላገለችና ልጁን ባዋለዷት ሐኪም ስም ሮዋን ልትል እንደተሳለች ጻፈ፤ ሴት መሆኗን መጻፉን ግን ረሳው። አብዱልወሀብ በዚያን ጊዜ ሩስተንበርግ ከተማ፣ የአንድ ወዳጁ ሱቅ ጀርባ በሚገኝ የስኳር መጋዘን ውስጥ፣ ከሰው ተለይቶ ብቻውን እየሳለ ነበር። በሕይወቱ የሚያውቀው አንድ ሮዋን የራሱን መጋዘን አከራይ ነው፤ ሪዛም፣ ቦርጫም፣ በየዓመቱ ኪራይ ሊጨምር ብቻ ብቅ የሚል ፈረንጅ። ስለዚህ ወንድ ነው ብሎ ደመደመ፤ ወራቤ ላሉት ዘመዶችም በዚያችው ሰዓት ደውሎ አበሠረ። የስሙን ፈረንጅነት ግን ወዶት አልነበረም። ለወንድ ልጅ ግድ የለም፣ በኋላ ይስተካከላል ብሎ አልፎት ነበር።

አሁን ግን ሴት ሆነች። ያም የሚያስከፋው ሰው አይደለም፤ ሦስት ሴቶች ወልዶ ሦስቱንም እንደ ዓይኑ ብሌን ነው ያሳደገው። የከፋው ሌላ ነው። ሙርሺዳ ወዳለችበት ክፍል መስኮት ቀረብ ብሎ፣ ሁለት ሜትሩን ጠብቆ፣ እንደ ሽማግሌ ረጋ ብሎ ተናገረ። የወንድ ስም ለሴት ልጅ አውጥቶ ቢላዋ አይዝም። ነገ አገሯ ስትገባ ይስቁባታል፤ ለጋብቻ ሲጠይቋት ይስቁባታል። ስሙ የሴት ከሆነ፣ ያ የተባለው ሐኪምም ሴት ከሆነች፣ እሰየው፤ ፈረንጅም ይሁን ምንም፣ ስለት ነውና ይጠራዋል። የወንድ ከሆነ ግን ልጅቷ ዘሂራ ትባላለች፣ የሟች አያቷን ስም ትይዛለች፣ አለቀ። ከዐስር ሶላት በፊት ይጣራ አለ።

 ያቺ ክፍል አንድ አልጋ፣ አንድ የጋዝ ምድጃ፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ የሳሙና ካርቶን፣ አሁን ደግሞ አንድ ሕፃን የያዘች ክፍል ናት። ሙርሺዳ ልጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አማቾቿ ሲናገሩ ዝም ማለት ልማዷ ነው፤ ጁነይድ ግን ከአምስት ዓመት ትዳር በኋላ የዝምታዋን ዓይነቶች ለይቶ ያውቃል። ይህኛው እሺ የማለት ዝምታ አልነበረም። የአብዱልወሀብ ሚስት ፈዲላ ነገሩን ልታለዝብ፣ ትንሽ ጠምዘዝ አድርገን ራዋን ብንላትስ፣ እሱ የዐረብ ነው፣ የሴትም ነው ብላ ሞከረች። ሙርሺዳ ዓይኗን ከልጇ ሳታነሳ "ስለት አይጠመዘዝም፣ እትዬ" አለች።

ከዚህች ልጅ በፊት ሁለት ጨንግፎባታል። ሦስተኛው ምጥ የመጣው በወረርሽኙ መካከል፣ ባል በር ላይ በሚቀርበት ዘመን፣ ቋንቋውን በቅጡ በማታውቀው ሆስፒታል ውስጥ ነው። አዋላጆቹ ከክፍል ክፍል ሲሯሯጡ አንድ ሐኪም ብቻ ከአጠገቧ ሳይለይ አደረ። እጇን ያዘላት፤ እሷ በስልጥኛ ስትጮህ በእንግሊዝኛ እየመለሰ፣ ሁለቱም አንዱ የሌላውን ቃል ሳያውቅ ሲግባቡ አደሩ። ሌሊቱ ሊጋመስ ሲል የልጁ የልብ ምት ጠፋ። ያኔ ነው ሐኪሙ ደረት ላይ በፕላስተር የተለጠፈውን ስም አይታ፣ ያ ረቢ ይህን ልጅ በሕይወት ከሰጠኸኝ ስሙ ይህ ይሁን ያለችው። ልጅቷም መጣች፤ አለቀሰችም። ይህን ታሪክ ጁነይድ በሳምንት ውስጥ ሃያ ጊዜ ሰምቶታል፤ ሃያውንም ጊዜ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ሙርሺዳ ስትተርክ ግን ሁልጊዜ "ዶክተር ሮዋን እንዲህ አሉኝ፣ እንዲህ አደረጉልኝ" እያለች በአክብሮት ነው። ለካ አክብሮት ብቻ አልነበረም። ወንድ ይሁኑ ሴት አታውቅም።

እንዴት ልታውቅ? ሐኪሙ ከእግር እስከ ራስ ሰማያዊ ፕላስቲክ ለብሷል፤ ሁለት ጭምብል ደርቧል፤ በላዩ ግልጽ መከለያ፣ በላዩ ቆብ። ድምፁ ከዚያ ሁሉ ሥር ሲወጣ የተዘጋ ጀሪካን ውስጥ የሚናገር ሰው ይመስል ነበር። ያየችው ዓይን ነው፤ አረንጓዴ ዓይን። ጁነይድም ቢሆን አይቷቸዋል፤ ንጋት ላይ በሦስተኛው ፎቅ መስኮት አንድ ሰማያዊ ልብስ የለበሰ ሰው ሕፃን ከፍ አድርጎ ሲያሳየው ከመኪናው ወርዶ አጥሩን ይዞ አልቅሷል። የያዟትን እጆች ግን ወንድ ናቸው ሴት ብሎ አልመረመረም።

እናም ጁነይድ በዚያች ቀን፣ የፈዲላን አንድ ሳህን ሳንቡሳና አንድ ፓኬት ቴምር ይዞ፣ በዓለም ላይ ለመጠየቅ ከሁሉ የሚያሳፍረውን ጥያቄ ሊጠይቅ ወጣ። በር ላይ የአለምወርቅ ሁሉንም ሰምታ ጠበቀችው። ይህ ምን ያስጨንቃል አለችው፤ የእሷ ወንድም ደስታ ይባላል፣ ያገባትም ሴት ደስታ ናት፤ ቤታቸው ሄደህ ደስታ ብለህ ብትጣራ ሁለቱም አቤት ይላሉ፤ እስከ ዛሬ የሳቀባቸው የለም። ጁነይድ ይህን ለጋሼ ንገሪልኝ አላት። እሷ ግን ዕቃዋን ለመዘርጋት የምትቸኩል መስላ መንገዱን ተሻገረች፤ አብዱልወሀብን ሰው ሁሉ ይወደዋል፣ ሊከራከረው የሚፈልግ ግን የለም።

ሆስፒታሉ ወደ ብራክፓን በኩል ስለሆነ በመንገዱ ጻካኔ ካለው የራሱ ሱቅ ጋ ቆመ። ሸሪኩ ዱባለ ከብረት ፍርግርጉ ኋላ ተቀምጦ በካርቶን ላይ ጭምብል ለሌለው አንሸጥም ብሎ በወፍራም ማርከር እየጻፈ ነበር። ዳቦ ልትገዛ የመጣች ኖምሳ የሚሏት አሮጊት ደንበኛቸው አለች፤ ጉልበቷን ሠላሳ ዓመት የነጭ ቤት ስታጸዳ የጨረሰች ሴት ናት። ጁነይድ ማማ፣ ሮዋን የወንድ ስም ነው የሴት ብሎ ጠየቃት። አሮጊቷ ዳቦዋን በክንዷ ሥር አድርጋ ሳቀች። ሁለት ሮዋን በዚህ ጀርባዬ አዝያለሁ አለች፤ አንዱ ቤኖኒ፣ ወንድ፣ አሁን የአውሮፕላን ሰው ሆኗል፤ ሌላዋ ኬምተን ፓርክ፣ ሴት፣ ጥርሷን ስታበቅል የነከሰችኝ ምልክት ይኸው። እጇንም በፍርግርጉ አሳልፋ አሳየቻቸው። ዱባለ ጁነይድን አይቶ፣ በል እንግዲህ አንድ በግ ተኩል እረድ አለው። ጁነይድ ሳይወድ በግዱ ሳቀ። መኪናው ውስጥ ሲገባ ግን ሳቁ አብሮት አልገባም። የስሙ ነገር እዚህ ላይ ተቋጨ፤ ስሙ የሁለቱም ነው። አጎቱ ደግሞ ግማሽ መልስ አይቀበልም። የቀረው ሐኪሙ ራሱ ነበር።

በሆስፒታሉ በር ላይ ያለው ዘበኛ ያን ንጋት ሲያለቅስ ያየው ሰውዬ ስለነበር አወቀው። ሳውቦና ብለው ሰላምታ ተለዋውጠው፣ ግንባሩ በሙቀት መለኪያ ተተኩሶ፣ እጁ በአልኮል ታጥቦ፣ ከነጩ መስመር እንዳያልፍ ተነገረው። ጁነይድ ዶክተር ሮዋንን እንደሚፈልግ ተናገረ። ዘበኛው ወንዱን ነው ሴቷን አላለም፤ እሱ ሰው የሚያውቀው በጫማ ሆኗል። ከመጋቢት ጀምሮ በዚህ በር የሚገባው ሁሉ ዓይንና ጫማ ብቻ ነው አለ። ሮዋን ማለት ቢጫ የላስቲክ ጫማ ነው፤ ስምንት ሰዓት ላይ ይወጣል፣ ጠብቅ። ጁነይድ ከነሳህኑ አጥሩ ሥር፣ ያን ቀን ያደረበት ቦታ ላይ ቆሞ፣ ጫማ ሲቆጥር ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየ። ነጭ ወጣ፣ ጥቁር ወጣ፣ አበባ ያለበት ወጣ። በመካከሉ ከጎን በር አንድ መኪና ሬሳ ጭኖ ሲወጣ ዘበኛው ቆቡን አወለቀ፤ ጁነይድም ሳያስበው ሳህኑን ይዞ ቀጥ ብሎ ቆመ። ልጁ በዚህ ቤት ውስጥ፣ በዚህ ሳምንት መወለዷ ያኔ እንደ አዲስ ገረመው።

ቢጫው ጫማ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ወጣ። በላዩ ላይ ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻው በድካም የወደቀ ሰው ነበር። ጁነይድ ስሙን ሲጠራ ዞር አለ፤ የሚያውቀው ሰው መሆኑን ግን አልለየም። ጁነይድ በሦስተኛው ፎቅ በኩል ወዳለው መስኮት ጠቆመና ሁለት እጁን ሕፃን እንደያዘ ሰው ከፍ አደረገ። አረንጓዴው ዓይን ተጨማደደ፤ ሰውየው ከጭምብሉ ሥር እየሳቀ ነበር። ሳህኑን ነጩ መስመር ላይ አስቀምጦ ጁነይድ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፤ ሐኪሙም ቀርቦ አነሳውና፣ ከጠዋት ጀምሮ ምንም እንዳልቀመሰ ይቅርታ እየጠየቀ፣ ጭምብሉን አውርዶ ሳንቡሳ ጎረሰ። ከዚያ ሁሉ ፕላስቲክ ሥር የነበረው የሃያ ስድስት ወይም የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነው፤ የጭምብሉ ገመድ ጉንጩን አቁስሎታል፤ ጢሙን ቢላጭም አገጩ ላይ ቀይ ቀይ ሆኖ እየበቀለ ነበር።

ወንድ ነው።

ጁነይድ አዘነ። ከዚህ ሰው ፊት ቆሞ ማዘኑ ደግሞ አሳፈረው፤ ስለዚህ ቢያንስ እውነቱን ይስማ ብሎ ሁሉንም ነገረው። ስለቱን፣ ሁለቱን በጎች፣ አጎቱን፣ ዐስር ሶላትን። እንግሊዝኛው የሱቅ እንግሊዝኛ ነው፤ ለዚህ የሚሆን ቃል ሲያጣ በእጁ እየሞላ ተናገረ። ሐኪሙ መጀመሪያ በበጎቹ ሳቀ። እናቱ ሴት ልጅ ጠብቃ ስሙን አስቀድማ እንዳዘጋጀችው፣ ወንድ ሲመጣም ለሁለቱም ይሆናል ብላ እንዳልለወጠችው፣ የአጎቱ ሴት ልጅም ሮዋን እንደምትባልና አያቱ ለምሳ ስትጣራ ሁለቱ እንደሚጋጩ አወራ። አያቱ ከአየርላንድ የመጣች ናት፤ ስሙ የዚያ አገር የድሮ ቋንቋ ነው፣ ትንሽ ቀይ እንደማለት ነው፣ ቀይ የሆነ ትንሽ ልጅ። ልጅህ ስትወጣ ቲማቲም መስላ ነበር፣ ለሚስትህም ይቺ ደግሞ ሌላ ሮዋን ናት አልኳት፣ አልገባት ይሆናል አለ። ጁነይድ ግን ልቡ በጎቹ ጋ ስለነበር፣ የስሙን ትርጉም እንደ ሱቅ ደረሰኝ ሳያነበው ኪሱ ከተተው።

ስለ ስለቱ የተነገረው በኋላ ዘግይቶ የገባው ይመስል፣ ሐኪሙ ማኘኩን አቆመ።

"በዚህ ወር ስሜን ስንት ወረቀት ላይ እንደጻፍኩ ታውቃለህ?" አለ። "ብዙ። አብዛኛው የሞት ነው።"

ከዚያ ወደ አጥሩ ዞሮ ትንሽ ቆየ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። አጎትህ ካልፈቀደ አትጣላው፣ እኔ አልቀየምም፣ ሚስትህ ማሰቧ ይበቃኛል አለ፤ ጭምብሉን መልሶ፣ ሳህኑን እንደ ትልቅ ነገር በሁለት እጁ ይዞ ወደ መኪናው ሄደ። ዘበኛው ከጎጆው ውስጥ ሁለት ሳንቡሳ ተቀበለው።

ወደ ጀርሚስተን የሚመልሰው መንገድ ባዶ ነበር፤ በዚያ ዘመን ቅዳሜም እሑድ ይመስላል። ጁነይድ ሲነዳ አንዲት ቃል ምላሱ ላይ ትንከባለል ጀመር። ሴት ናት። ይህችን ብቻ ቢል ሁሉ ነገር ያልቃል። አጎቱ ሆስፒታል ድረስ ሄዶ አያጣራም፤ ሙርሺዳ ስለቷን ትፈጽማለች፤ አንዱ በግ ይታረዳል፣ ሌላው ለአረፋ ይቆያል። የውሸቷ ማነስ ራሱ ያጓጓ ነበር። ግን የዚያ ልጅ ጉንጭ ላይ ያለው ቁስል ትዝ አለው። እኔ አጥር ሥር ስቀር እሱ የእኔን ቦታ ይዞ ያደረ ሰው ነው፣ እሱን ሴት ነው ብዬ ልደብቀው ነው? አለና ለብቻው መኪናው ውስጥ ጮክ ብሎ ተናገረ። በልጄ ስም ላይ የመጀመሪያው ቃል ውሸት አይሆንም አለ። ሲናገር ድምፁ የአባቱን ድምፅ መሰለበት፤ ደስም አለው፤ ፈራም።

ግቢው ሲደርስ ፀሐዩ የመጋዘኑን ግድግዳ ግማሽ ለቆ ነበር። ፈዲላ ሁለት ትልልቅ ብረት ድስት ጥዳለች፤ አብዱልወሀብ ከሁሉም ርቆ፣ የተገለበጠ የወተት ሳጥን ላይ ተቀምጦ ቢላዋ ይስላል፤ በጎቹ ባዶ የሳሙና ካርቶን ሳይቀር እየበሉ ነው። ሙርሺዳ መስኮቱ ጋ ቆማለች። ጁነይድ መጀመሪያ እሷን አያት። ከዚያ ወደ አጎቱ ሄዶ፣ ሁለት ሜትሩ ላይ ቆመ።

"ወንድ ነው፣ ጋሼ" አለ።

የቢላዋው ድምፅ ቆመ። ጁነይድ ይህ ዝምታ ከጀመረ መጨረሻውን እንደሚያጣው ስለሚያውቅ ቶሎ ቀጠለ። በሕይወቱ ለአጎቱ እንዲህ ተናግሮ አያውቅም፤ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ስላጣ ከኋላው አጣመራቸው።

"እርስዎ ሩስተንበርግ ተዘግቶብዎት ነበር። እኔ አጥር ሥር ነበርኩ። የሙርሺዳ እናትም የለች፣ እትዬ ፈዲላም አልገቡም። ልጄ የመጣችው በዚያ ሰው እጅ ነው። ሚስቴ ለአላህ ቃል ገብታለች፤ የሷ ቃል የኔም ቃል ነው። ቢላዋውን ካልያዙልኝ አልቀየምዎትም። እኔው እይዘዋለሁ። ስሟ ግን ሮዋን ነው።"

ፈዲላ ማማሰያውን እንደያዘች ቀረች። መስኮቱ ውስጥ ሙርሺዳ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። አብዱልወሀብ ለረጅም ጊዜ ቢላዋውን አገላብጦ አየው፤ የተቆጣ ሰው ፊት ነበረው፤ ግን ጭምብል ያለው ሰው ሁሉ የተቆጣ ይመስላል። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ትርጉሙ ምንድነው ብሎ ጠየቀ። ትርጉሙን የማያውቀውን ቃል በበግ ላይ አይጠራም፤ ምናልባት የጣዖት ስም ይሆናል፣ ምናልባትም ስድብ።

ጁነይድ ኪሱ የከተተውን አሁን አወጣው። "የአያቱ አገር የድሮ ቋንቋ ነው አለኝ። ለሴትም ለወንድም ይሆናል። ትንሽ ቀይ ማለት ነው። ቀይ ሆኖ የተወለደ ትንሽ ልጅ።"

 ከዚያ ከድስቶቹ በኩል አንድ ድምፅ መጣ፤ መጀመሪያ ሳል መስሎ፣ ኋላ ሳቅ ሆኖ። ፈዲላ ማማሰያውን ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች።

"ቀዮ ማለት ነዋ!" አለች። "አንተኑ ናት እኮ፣ ሰውዬ።"

በጀርሚስተን ገበያ አብዱልወሀብ የሚባል ሰው ብትጠይቅ የሚያሳይህ የለም፤ ቀዮ ካልክ ሕፃን ያደርስሃል። ስሙን ያወጣችለት እናቱ ናት። ያለ ወሩ፣ ቀይና ጭብጥ የማይሞላ ሆኖ ሲወለድ፣ አዋላጇ ይህ አያድርም ብላ ስለነበር ሌላ ስም ማውጣት አላስፈለገም፤ ቀዮ ብላ ብቻ ጡቷን አጎረሰችው። አብዱልወሀብ የሚለውን ኋላ ቁርኣን ቤት ሲገባ ነው ያገኘው። ይህን ታሪክ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል፤ በየአረፋው ይነገራል። ጁነይድም ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቶታል፤ ሆኖም አጥሩ ሥር ቆሞ ከፈረንጅ አፍ ሲሰማው የገዛ አጎቱን ስም አላወቀውም። አሁን ሳቁ ሲመጣበት አጎቱን ፈርቶ ሊይዘው ሞከረ።

አብዱልወሀብ ተነስቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጭምብሉን እስከ ዓይኑ ስቦ፣ ለትንሽ ጊዜ ትከሻው ሲንቀሳቀስ ታየ። ሲዞር ጭምብሉ ርሷል። ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ዱርንፎንቴን ላሉት ለሼህ ሚስባህ ደወለ፤ በልጅነቱ ያልታረደለት ሰው አርጅቶ ለራሱ ቢያርድ ያስኬዳል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሼሁ የፈቀዱ ሊቃውንት አሉ፣ ግን ማን ነው እሱ አሉ። "አንድ ወዳጄ ነው" ብሎ ዘጋ። ፈዲላ ለወንድ ሁለት አይደለም ወይ ብላ ልትነካካው ስትል፣ በዚህ ዕድሜዬ አንዱ ይበቃኛል አላት።

ጥላው ከግድግዳው ሥር ሳያልፍ ነገሩ አለቀ። አብዱልወሀብ የመጀመሪያውን በግ ወደ ቂብላ አዙሮ፣ ጀርሚስተን ጣቢያ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ ይህ የሮዋን ጁነይድ ነው አለ፤ ስሙንም እንደ ወራቤ ስም አድርጎ፣ አስረዝሞ ጠራው። ሁለተኛው ላይ፣ ይህ የቀዮ ነው ሲል ድምፁ ትንሽ ተሰናከለ። የገዛ እናቱን ስም ጨመረበት፤ ማንም እንዲህ ይደረጋል አይደረግም ብሎ አልጠየቀም። አንድ ሙሉ እግር በፌስታል ተጠቅልሎ ለቢጫው ጫማ ተቀመጠ፤ ጠዋት ጁነይድ ያደርሰዋል። የአለምወርቅ የእስላም ሥጋ ስለማትበላ ቴምርና አንድ ካርቶን ብስኩት ተላከላት፤ እሷም በምትኩ ትንሽ የሱፍ ካልሲ ይዛ መጣች፤ ቀለሙን ሳትመርጥ ያነሳችው ቀይ ነበር።

አብዱልወሀብ ልጅቷን እስካሁን አላያትም። ፈዲላ አሥራ አራት ቀን ካልሞላው ክፍሉ አይገባም ብላ ቆርጣለች፤ ይህን ያህል በሽታ አይቶ ሊከራከራት አልደፈረም። እጁን ሁለት ጊዜ ታጥቦ፣ መስኮቱ ፊት ሄዶ ቆመ። ሙርሺዳ ከውስጥ ቀረበችና ልጇን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ እስከ መስታወቱ አስጠጋቻት፤ ጁነይድ ያን ንጋት እንዳየው፣ ልክ እንደዚያ። ሕፃኗ በብርሃኑ ዓይኗን ጨፍና፣ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀልቶ አዛጋች። አብዱልወሀብ ጭምብሉን አወረደ፤ ከጠዋት ጀምሮ ፊቱን ሲያዩት ይህ የመጀመሪያቸው ነው። እየሳቀ ነበር። በጣቱ መስታወቱን ቀስ አድርጎ ሁለት ጊዜ መታ።

"ሮዋን" አላት። "እኔም ሮዋን ነኝ።"